ሶዲየም ለሆመቾ

ሆሳዕና፣ መጋቢት 2002

ወዳጄ ታሪኩ፣

ይህን ፖስት ካርድ ከኢንተርኔት ቤት ነው የምጽፍልህ። ከጎኔ የገጠሯ ከተማ የሆመቾ የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ ጵርስቅላ፣ ሶዲየም ውሃ ላይ ሲቀጣጠል የሚያሳይ ቪዲዮ ስትፈልግ ቆየች። ተማሪዎቿ ብሔራዊ ፈተና ደርሶባቸው አንድም ሙከራ አላዩም። ትምህርት ቤታቸው ላቦራቶሪ የለውም፤ አንተ የምታስተምርበት ቢያንስ የሚቆለፍ በር ያለው ላቦራቶሪ አለው። ቪዲዮውን የምታሳይበትን ኮምፒውተር ቤተ ክርስቲያን ያዋሳት ለነገ ብቻ ነው። ወደ ሆመቾ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ክላክስ ሲያደርግባት ፍላሿን ነቅላ ሮጠች።

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሆሴዕ ስክሪኑን አየና «ውይ!» አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የያዘችው ገጹን ብቻ ነው። ቪዲዮው አልወረደም። እዚያ ደግሞ ኢንተርኔት የለም።»

ደወልንላት፤ ስልኳ አይሠራም። «አውርድልኝ፣ በጠዋቱ መኪና እኔ አደርስላታለሁ» አልኩት። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ።

«ካልመጣስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካርድዎን ይጻፉ።»

ባለቤትህን ማህሌትን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እናትህ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቦታ ስላለቀብኝ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። አሁን መብራት መጣ። ሆሴዕ ማውረዱን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ደምሴ