በማን ላይ ነው የምትቀረቅረው?

ልጄ ኦርላ፣

ቅድስት ብሪጅድ በባዕድ አገር በካባዋ ትሸፍንሽ። እኛ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነን፤ ድንቹም ሳይበሰብስ ተቆፍሮ ገብቷል።

ያስመረረኝ አባትሽ ነው። ሃሎዊን ቀረበ ብሎ ማታ ማታ የመናፍስት ዘጋቢ ፊልም ሲያይ ከርሞ፣ ዘንድሮ ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት በሙታን መታሰቢያ ሌሊት በሩን ካልቀረቀርሁ አላድርም ይላል።

«አንተ ሰው፣ በማን ላይ ነው የምትቀረቅረው?» ብዬ ብጠይቀው፣

«አንቺ ደግሞ! ትናንት የታየውን ብታዪ አንቺው ራስሽ ትቀረቅሪው ነበር» አለኝ።

«እነዚያ የማንም ሙታን ናቸው፤ የእኛን በየስማቸው አውቃቸዋለሁ» አልሁት።

«እንግዲያው ስማቸውን እየጠየቅሽ አስገቢያቸው!» ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

እናቴ በዚያች ሌሊት እሳቱን ሳታጠፋ፣ ወንበሮቹን ወደ ምድጃው አስጠግታ፣ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛ ነበር፤ ለሙታን መጸለይን እንጂ እነርሱን መፍራትን አላስተማረችንም። ወንድምሽን ዴክላንን ባሕር ከወሰደው ወዲህ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። አባትሽ የእኔን ቃል ቢንቅም የአንቺን ይሰማልና፣ እባክሽ ደውለሽ ምከሪው። ዴክላን የዚህን ቤት በር አንኳኩቶ አያውቅም፤ ከሞተ በኋላ እንዲጀምር አልፈልግም።

እናትሽ ኖራ