ተረካቢ ያጣው እሳት

ለማልረሳትና ለማትረሳኝ የልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉሮሮሽ ተሻለሽ ወይ? ሌላው ሰው የራሱን ነገር እያወራ ጉሮሮው ሲደርቅ የአንቺ ግን በሰው ነገር ደረቀ። ትበያለሽ ወይ? ትተኛለሽ ወይ? የተከራየሽው ክፍል መስኮቱ ተጠገነልሽ ወይስ አሁንም ጋዜጣ ነው የምትወትፊበት? እኔ ከጉልበቴ፣ ከወገቤ፣ ከጆሮዬና ከጥርሴ በስተቀር ሁለመናዬ ደህና ነው፤ ምላሴማ እንደምታውቂው ነው። አሮጊቷ ባለቤቴም ደህና ናት። ያላትን ሹራብ ሁሉ ደርባ ስለምትውል በስተርጅና ወፈረች ብዬ ሰፈሩን አስወርቼባታለሁ። እናትሽም አባትሽም አሉ፤ እንዴት እንዳሉ ኋላ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ጠልቼ አይደለም። መብራት ሲጠፋ የሰፈራችን የስልክ ማማ አብሮ ይተኛል፤ እሱ ሲነቃ ደግሞ እኔ ተኝቻለሁ። ደግሞም የአንቺ ሥራ በስልክ የሚወራበት አይደለም። የሁለት መንግሥታትን ድርድር የምታስተረጉም ልጅ ከአያቷ ጋር ስታወራ ስንት ጆሮ አብሮ እንደሚሰማ ማን ያውቃል? ስለዚህ ይቺን ደብዳቤ ለረጅሙ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ጠርሙስ ጭኖ ድንበር የሚሻገረውን፣ በልጅነትሽ ከመኪናው ላይ እየጎተተ አውርዶ ለእናትሽ የሚያስረክብሽን ማለቴ ነው።

ባለፈው ስትደውዪ፣ «አባባ አታስብ፣ ማዕቀቡ ሹማምንቱን እንጂ ተራውን ሰው አይነካም» ብለሽኝ ነበር። አመንኩሽ። እንግዲያው እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች ሳናውቀው ተሹመናል ማለት ነው። ባለቤቴ በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ፣ «ክብርት ሚኒስትር፣ ውሃው እንዴት ነው?» ብላት ጣሳ ወርውራ ሳተችኝ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የምንሰለፈው ሁሉ ክቡራን ነን። አንዱ ክቡር ትናንት ሌላውን ክቡር በክርኑ ደቁሶት ገባ።

እንደምታውቂው የጠርሙስ ፋብሪካችን የሚተነፍሰው ከጎረቤት አገር በሚመጣው የጋዝ ቧንቧ ነው። ጠርሙሱን የሚገዛን ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው ሀብታሙ አገር ነው። ሁለቱ፣ አንቺ የምታስተረጉሚላቸው ማለቴ ነው፣ ከተጣሉ ወዲህ እኛ በሁለት በር መካከል እንደተያዘ ጣት ሆነናል። ባሕር ማዶ ያለው፣ «በእሱ ጋዝ የተሠራ ጠርሙስ አልገዛም፣ በባንኬም ገንዘብ አላሳልፍላችሁም» አለ። ቀጥሎም በዓለም ስብሰባ ላይ በጎረቤታችን ላይ እጃችንን እንድናወጣ ጠየቀ። መንግሥታችን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁን እስከ ግማሽ አወጣ፤ ጭንቅላቱን የሚያክ አስመስሎ። ባሕር ማዶ ያለው አነሰኝ ብሎ ማዕቀቡን ሳያነሳ ቀረ፤ ጎረቤታችን ደግሞ በዛብኝ ብሎ የጋዙን መዝጊያ ጠመዘዘው።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ የውጭ ፖሊሲ ማለት ባንዲራና መጨባበጥ ይመስለኝ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ሚዛናዊ የውጭ ፖሊሲ እንከተላለን» ሲል ግን አባትሽ ከሾርባው ቀና ሳይል፣ «የውጭ ፖሊሲያችንን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ። ውፍረቱ የአባዬን ጭን ያህላል፣ ቀለሙ ቢጫ ነው፣ በፋብሪካው የጓሮ በር በኩል ይገባል» አለ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተሳቀ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። የፋብሪካው የመስታወት ማቅለጫ ምድጃ ታድሶ ከተለኮሰ ጀምሮ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ከገባሽ ወዲህ ማለት ነው፣ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ከቀዘቀዘ ሆዱ ውስጥ የቀለጠው መስታወት ይደርቅና ጡቡን ሰንጥቆ ይገድለዋል። ሳይደርቅ በፊት ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ከፍቶ ማፍሰስ ይቻላል፤ ግን ካፈሰሱት በኋላ መልሶ ለመለኮስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ጡብና ማቃጠያ ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ማዕቀቡ አያስገባም። እንግዲህ ቢያፈስሱት ሬሳ ነው፤ ባያፈስሱት ደግሞ የማይቀበር ሬሳ ነው። ሥራ አስኪያጁ፣ ጋዙ እንዲህ ከደከመ አሁኑኑ እናፍስስ ይላል። አባትሽ ግን፣ ምድጃውን ከእኔ የተረከበው እሱ ነውና፣ «ልጄ ተቃርበዋል ብላኛለች፣ እንጠብቅ» ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቁሟል። በስልክ እንደ ዘበት የጣልሽለትን አንዲት ቃል እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አስሯት ይዞራል።

እና እናቴ፣ የሰማሽውን ላለመናገር መማልሽን አውቃለሁ፤ ምስጢር አውጪ አልልሽም። ለሹፌሩ ዕቃ ብቻ ስጪው። የሚስማሙ ከመሰለሽ ለአያትሽ ሻሽ ላኪላት። የማይስማሙ ከመሰለሽ ለእኔ ካልሲ ላኪልኝ። ለአያቷ ካልሲ ላከች ተብሎ የታሰረ ሰው የለም። ግን እባክሽ፣ ካልሲ አልወድም። እግሬ በረዶ ቢሆንም ካልሲ አልወድም።

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ረጅሙ ሹፌር ድንበሩ ተዘግቶበት ከነጭነቱ ከነደብዳቤዬ ተመለሰ፤ ኬላው ሲከፈት ይዞልሽ ይመጣል። ደብዳቤው አንቺ ዘንድ ሳይደርስ ነገሩ አልቋል። ሻሹንም ካልሲውንም ተዪው።

ማክሰኞ ጠዋት የጋዙ ግፊት ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ሆነ። አባትሽ ቀዳዳውን ማንም እንዳይነካ ከለከለ። «ሌላ ሰው ከከፈተው ዕድሜ ልኬን ስጠላው እኖራለሁ፤ እኔው ልክፈተው» ብሎ በረጅሙ ብረት መታው። የቀለጠው መስታወት መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ እንደ ማር እየተሳበ፣ ቀይ ሆኖ፣ ውሃ ወደሞላው ጉድጓድ ወረደ። እንፋሎቱ ግቢውን ሸፈነው። ሰፈሩ በሙሉ አጥሩን ተደግፎ ያያል። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ ለቅሶ ቤት ገብቼ ሰው የማስቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን እኔም እንደ ሰዉ አጥሩን ተደግፌ አየሁ።

አባትሽ ከዚያ በኋላ ቤት አልመጣም። የርክክቡን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ከድመትሽ ጋር ትጫወቺው ነበር። ፈረቃውን ጨርሶ ወጪውና ሊተካው ገቢው ተራ በተራ በምድጃው ማያ ቀዳዳ እሳቱን ያያሉ፤ ወጪው «እሳቱን አደራ» ይላል፣ ገቢው «ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህ ሳይባል ምድጃውን ትቶ የሚወጣ የለም። አንድ ጊዜ ተረካቢዬ ሚስቱን ምጥ ይዟት ሳይመጣ ቀርቶብኝ በላይ በላዩ ሁለት ፈረቃ ብቆም፣ አያትሽ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ከነመጥበሻዋ ፋብሪካው በር ድረስ መጥታብኛለች። ይኸው አባትሽም ምድጃው ፊት ባለችው የተረኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ተረካቢ ሳይመጣ አልነሳም አለ። የሚተካው ሰው ሥራ የለም ተብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ለመነው፣ ተቆጣው። እናትሽ ሾርባ ይዛ ሄዳ ሾርባውን እንዳለ ይዛው ተመለሰች። ጓደኞቹ መጀመሪያ እንደ ቀልድ አይተውት ነበር። ኋላ ግን ዓይኑን ለማየት ፈሩ፤ አንገታቸውን እየደፉ አንድ በአንድ ወጡ።

ዛሬ ጠዋት የድሮ የሥራ ቆቤን አድርጌ፣ ጉልበቴን እየሰደብኩ ሄድኩ። ልጄ ጢሙ አድጎ፣ ከእኔ በላይ አርጅቶ አገኘሁት። በማያ ቀዳዳዋ አየሁ። ዓይኔን የሚያጥበረብረኝ እሳት ነበረ እዚያ ውስጥ፤ ዛሬ የራሴን ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ። ዞሬ፣ «አስረክበኝ» አልኩት። «አባዬ፣ ምኑን? የለም እኮ» አለኝ። እኔም፣ «እኔ ከአንተ በፊት የያዝኩት ነው፤ መኖር አለመኖሩን አንተ አትነግረኝም። ይልቅ ቃሉን በል፣ ሰዓትህ አልፏል» አልኩት። እንደምንም «እሳቱን አደራ» አለ። «ተረክቤያለሁ» አልኩት። ተነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን ያዝ አድርጎ ቆየና ወጣ። ረጅሙ ሹፌር አሁን ብቅ ብሎ፣ አባትሽ ቤት ገብቶ ከነጫማው ተኝቷል ብሎኛል።

ልብ ብለሽ እንደሆን፣ እኔ ተንኮለኛው ሽማግሌ በገዛ ወጥመዴ ገብቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ነው። ጡቡ ትንሽ ሙቀት ቀርቶታል፤ ጀርባዬን አስደግፌዋለሁ። ሬዲዮው ሁለቱ ወገኖች በሚቀጥለው ወር እንደገና ለመገናኘት ተስማምተዋል ሲል ሰማሁ። ቃሉን ያሻገርሽው አንቺ ከሆንሽ ደህና አድርገሽ አሻግረሽዋል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ነው የሚሞቅበት ያጣው። «ተቃርበዋል» ብዬ አታለልኳቸው ብለሽ ራስሽን እንዳትበዪ። አባትሽ አልወቀሰሽም፤ እኔም አልወቅስሽም። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያዩዋቸው ማን ያልተቃረበ ይመስላል?

አያትሽ ሰላም ብላሻለች፤ የሻሹን ነገር ግን ነግሬያት ስለነበር ከልቧ አልወጣም፣ እንደምንም ላኪላት። እናትሽ ጉንጮችሽን ትስማለች፤ ጉሮሮሽን በሞቀ ውሃ ተጉመጥመጪ ትላለች። ረጅሙ ሹፌር፣ እንዲህ አድገሽም ቢሆን ከመኪናው ላይ አወርድሻለሁ ይላል። አባትሽ ተኝቷል፤ ሲነሳ የሚለውን እንጃ፤ ሰላምታውን እኔ በእሱ ፈንታ ፈጥሬልሻለሁ። አንቺም አብረውሽ ያሉትን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉትንም፣ ሁለቱንም ወገን፣ ሳታበላልጪ ሰላም በያቸው።

ወገቤ ብዙ አይቆይልኝም። በዚህ ቤት የቀረሽው ተረካቢ አንቺ ነሽ።

እሳቱን አደራ።

ተረኛው አያትሽ
ከምድጃው ሥር፣ ሐሙስ ጥር 19 ቀን