ላስቲክ የለበሱ መስኮቶች

ሲያትል፣ ኅዳር 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ፈሪዳዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሄደሽ ያስታመምሻቸው አባትሽ እህል መቅመስ ጀምረዋል ስትዪኝ ደስ አለኝ። አላህ አፊያቸውን ይመልስላቸው። ሳዲያም ነጂብም ደህና ናቸው። ትናንት ሐኪም ጋ ወስጃቸው ነበር፤ ደማቸውን መርምሮ ምንም የቀረ ነገር የለበትም ብሎኛል። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ነው።

በስልክ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ወይ እናትህ ከዚያ ቤት ይወጣሉ፣ ወይ ወንድሜ ልጆቹን ታኮማ ይወስዳቸዋል።» ወንድምሽ ዓብዱልጀባርም አላረፈም። እማዬን የእኔ ወንድም ጋ ዳላስ የሚያደርስ ቲኬት ቆርጦ አመጣ፤ ለታኅሣሥ 19። ወንድሜ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ቋንቋ የማታውቅ አሮጊት ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት ልትውል ነው። እውነቱን ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቴም ስለ አባትሽ ጠይቄ ዘጋሁ። በስልክ አልሆነልኝም፣ ልጻፈው።

በጥቅምት መጨረሻ ከመብራት ድርጅቱ ወረቀት መጣ። ቤታችሁን ለዊንተር ብርድ አዘጋጁ የሚል። ሳዲያ አነበበችልኝ፣ እኔ ሠራሁ። መስኮቶቹን ሁሉ በላስቲክ ሸፈንኩ፤ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጌ በፀጉር ማድረቂያሽ እያሞቅሁ ወጠርኩት። በበሩ ሥር ጎማ ቸነከርኩ። የውሃ ቧንቧውን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ባትሪ፣ ሻማ፣ የቆርቆሮ ባቄላ ገዛሁ። ከኤርፖርት ሥራ ስመለስ በቀን አንድ መስኮት ነበር የምጨርሰው። እማዬ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች።

«ዓብዱልሀኪም፣ ቤቱን ከፈንከው እኮ» አለችኝ አንድ ቀን።

«ንፋስ እንዳይገባ ነው እማዬ።»

«እኛስ? በየት በኩል ልንተነፍስ ነው?»

ሳቅሁባት።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ነበር። ሳዲያ በጣቷ እያሳየችኝ፣ «ዳዲ፣ ኖ ቻርኮል ኢንሳይድ ይላል፤ ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም» አለች። «እሱ ለአሜሪካኖች ነው፤ እኛ ከከሰል ጋር ነው ያደግነው» አልኳት።

ነፋሱ የመጣው ሐሙስ ኅዳር 12 ነው። በረዶ ቀላቅሎ ሲመታን ዋለ። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ማሞቂያውም አብሮ። ቼሪ መንገድ ላይ ዛፍ ወድቆ አውቶቡስ ቆሟል። መግሪብ ሲደርስ ነጂብ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። በበጋ ለሥጋ መጥበሻ ከገዛነው ከሰል ግማሽ ከረጢት ተርፎ ነበር። ማንደጃውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ያያያዝኩት እኔ ነኝ ፈሪዳ። እማዬ አይደለችም። ደሴ እንደምናደርገው ጭሱ እስኪያልቅ አራገብኩ፣ ፍም እስኪሆን ጠበቅሁ፣ ጨው ነሰነስኩበት። ሰው የሚገድለው ሳይፍም የገባ ከሰል ነው ሲባል ነው የሰማሁት።

እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «ይሄን አታስገባም።»

«ፍም ሆኗል እኮ፣ እይው።»

«የደሴው ቤት ቀዳዳ አለው። ይሄኛውን አንተው ደፍነኸዋል። ጋቢ ደርበን እንተኛ።»

«ልጁ በብርድ ይሙትልሽ?» አልኳት።

ይህን ካልኳት በኋላ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ቤቱ ሞቀ። ነጂብን እንቅልፍ ወሰደው። ሳዲያ ራሴን አመመኝ አለች፤ የቀኑ ድካም መሰለኝ። እኔም ወገቤን ላሳርፍ ብዬ ጋደም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከእማዬ ሰምቶ የነገረኝ ጎረቤታችን ጳውሎስ ነው፣ ያ ጴንጤው። እማዬ ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት። በደረቷ ተስባ ኩሽና ገባች፣ ዘነዘናውን ይዛ ተመለሰች፣ ላስቲኩንም መስታወቱንም አንድ ላይ ሰበረች። በዚያ ቀዳዳ ጮኸች። ጳውሎስ በሩን ገንጥሎ አንድ በአንድ አወጣን።

የእሳት አደጋ ሰዎች ሲደርሱ በረዶው ላይ ተኝቼ አስመልሳለሁ። አንዱ ማንደጃውን አንሥቶ ማን እንዳስገባው ጠየቀ። ጳውሎስ አስተረጎመ። እማዬ ደረቷን መታ መታ አድርጋ «ሚ» አለች። የምታውቃት እንግሊዝኛ አምስት ቃል ብትሆን ነው፣ አንዷ እሷ ናት። ሰውየው ጻፈ። እኔ ሰምቻለሁ። መናገርም እችል ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ለምን እንዲህ አደረግሽ አልኳት። «የመኖሪያ ወረቀትህ ገና ነው። ልጆቹን ሊገድል ነበር ብለው ቢጽፉብህስ? እኔን አሮጊቷን ምን ያደርጉኛል?» አለች። እውነቷን ነው አልኩ። ነገሩ እስኪበርድ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ዓብዱልጀባር መጣና «እማማ፣ ይሄ እኮ ገጠር አይደለም!» ብሎ ጮኸባት። አንገቷን ደፋች። እኔ ሻይ ቀዳሁለት። አሁን ጃክሰን መንገድ ላይ ሱቅ ስገባ ሰው ሁሉ «እናትህን ምን አደረግሃቸው?» ይለኛል። «ደህና ናት» እላለሁ።

ይኸው አሥራ አንድ ቀን ሆነ።

ከሁለት መስኮት ላይ ላስቲኩን አንሥቻለሁ። ቤቱ ይበርዳል፤ ልጆቹ ካልሲ ደርበው ይተኛሉ። በዚህ ሳምንት ሌላ ነፋስ አለ ይላሉ። ጳውሎስ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ ስላለው መብራት ከጠፋ ወደ እሱ እንድንሄድ ተነጋግረናል።

ቲኬቱን እዚህ ፖስታ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ የፈለግሽውን አድርጊው። ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰው መኖር ካለበት እኔ ልውጣ። ቡሪየን የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ማደሪያ አላጣም። ልጆቹን ግን ከእማዬ እጅ አታውጪያቸው። ለዓብዱልጀባር ነገ ታኮማ ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ።

ይህን ስጽፍ እማዬ ከጎኔ ሆና የነጂብን ሹራብ ትጠግናለች። «ለፈሪዳ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብላለች በላት። ልጆችሽን አደራ ሰጥተሽኝ ሳልጠብቅልሽ ቀረሁ ብላለች በል።»

«እሺ።»

ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ጻፍከው?» አለች።

«ጻፍኩት።»

ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ ፊትና ጀርባቸውን አገላብጣ አየቻቸው።

«ይሄን ሁሉ?» አለችኝ።

የአባትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። አላህ በጤና መልሶ ያምጣሽ።

ባልሽ ዓብዱልሀኪም