የበለሱ ሥዕል ጀርባ

ወንድሜ ኦትማር ሌደር በ1957 የሆሣዕና ዕለት፣ በልጃቸው በዶሮቴያ የእምነት ማጽኛ ግብዣ ላይ፣ የተጠበሰው ዓሣ ከገበታ ሳይነሳ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «ፋይት ሥዕል ከፊቱ ስለማይገባው ከጀርባው ነው የሚያየው» ብለው አሳቁብኝ። ለቀብራቸው የሚነበብ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ ስባል መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ኦትማር ከአባታቸው ከኮንራድ ሌደርና ከእናታቸው ከባርባራ ሎይ በ1915 በጀርመን አገር በኑረምበርግ ተወለዱ። አባታችን በእጅ ቀለም የተቀቡ የጥንት የዛፍና የፍራፍሬ ሕትመቶችን ይነግዱ ነበር። ኦትማር ትምህርታቸውን ጨርሰው ሱቁን ተረከቡ፤ እኔ በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በጓሮ ክፍል ፍሬም ስመታ ኖርኩ። ኦትማር በ1941 ከወይዘሮ ሬጊና ጋር ተጋብተው ዶሮቴያን ወለዱ።

አባታችን በ1951 ሲሞቱ ከእነዚያ ሕትመቶች ለእኔ የበለሱን፣ ለኦትማር የፖሙን ሥዕል ተናዘዙ። የእኔን ሥዕል ኦትማር ለአውደ ርእይ ተውሰው ከርመው መለሱት። ገልብጬ አየሁት። የድሮ አረንጓዴ ቀለም ከመዳብ ዝገት የሚሠራ ነውና ከዘመን ብዛት ወረቀቱን ይበላል፤ ቅጠሉ በጀርባ በኩል ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የእኔ በለስ ጀርባው አንዳች እድፍ የለውም። እውነተኛውን አስቀርተው በሐሰተኛ ለወጡብኝ አልኩ። መልሳቸው ያ የሆሣዕናው ቀልድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

በ1967 የገና ሰሞን ኦትማር የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው አስጠሩኝ። ወይዘሮ ሬጊና ፖሙን ከግድግዳ አወረዱት።

«ገልብጠህ እይ» አሉ ኦትማር። «የለመድከው ነው።»

የእሳቸውም ሥዕል ጀርባ ንጹሕ ነበር።

«ሁለቱንም የጥንት አስመስሎ የቀባቸው አባባ ነው። አንተ ደግሞ አባባን እንደ ዓይንህ ብሌን ነው የምታየው። እሱን ሌባ ከምትል እኔን በል ብዬ ተውኩህ።»

እኔ አባታችን ብሩሽ ሲይዙ አይቼ አላውቅም። እሑድ እሑድ በራቸውን ዘግተው የሚውሉት ለጸሎት ነው ይባል ነበር። ሁለቱንም ኦትማር ለውጠዋቸው እንደሆነስ? የሞተ አባት አይጠየቅም።

ኦትማር ጃንዋሪ 9 ቀን 1968 በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና እኔን ትተዋል። ሰውን ከፊትም ከጀርባም የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ።

ትናንት ወይዘሮ ሬጊና ፖሙን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ለፋይት ስጪው ብሏል። አሁንስ አመንከው?» አሉኝ።

ጥቅሉን ሳልፈታ ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ።