ፈፋው ውስጥ የሚጣለው ማስክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጧት
የሺ ናት። ሌላ ማንም አይደለም፤ ከአጥሬ ማዶ ተከራይታ የምትኖረው የሺ። ዛሬም ከጓሯችን ፈፋ፣ ላሜ ከምትግጥበት፣ ማስክና ጓንት ለቀምኩ። በእንጨት እያነሳሁ በአጥሩ ላይ ወደ ግቢዋ መለስኩላት። ትጥላለች፣ እመልሳለሁ። ኮሮናው ካለፈ ቆየ። ታዲያ ምነው የእሷ ቤት ማስክ አላልቅ አለ?
ላሜ ወለላ ከትናንት ጀምሮ ገለባ አልነካችም። ሆዷ ተነፍቷል። የምኖረው በእሷ ወተት ነው፣ ደብተሬ። ሌላ የለኝም።
ስጽፍ እጄ ከንዴቴ እኩል አይሄድም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው።

ማክሰኞ 9
የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ጎኗን ቀደደ። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ፌስታል አወጣ፤ ከዚያ ማስክ፣ በየማንጠልጠያው ተቋጥሮ እየተጎተተ። "እማማ፣ ላምዎ ክሊኒክ ውጣለች እኮ!" አለኝ። አልሳቅኩም። መትረፏን ገና አላውቅም አለ።
አንገቷን አቅፌ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ 10
ልጣላት ሄድኩ። ማስኩን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥዬ፣ ሳላንኳኳ ገባሁ። የሺ የለችም። አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት፣ አጥንታቸው ብቻ የቀረ፣ ማስክ አጥልቀዋል። ከዛሪማ የመጡ እናቷ ናቸው። መኖራቸውንም አላውቅም ነበር። ሊነሱልኝ ሞከሩ፤ ሳል ያዛቸው።
የሺ ከኋላዬ ደረሰች። የላሜን ነገር ከሰፈር ሰምታለች። አፌን ሳልከፍት አለቀሰች። እናቷ ሳንባቸውን ታመው መድኃኒት ጀምረዋል። አከራዩ ከሰማ ይተላለፋል ብሎ ያስወጣቸዋል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ካዩ ሰፈሩ ይሰማል። ስለዚህ ሲመሽ ፈፋ ውስጥ ትጥላለች።
"እትዬ፣ ላሚቱ ትዝ አላለችኝም። እማዬን ብቻ ነው ያሰብኩት።"
ስድቤን ሁሉ አሰናድቼ ነበር።
አሮጊቷ ከማስኩ ሥር፣ "ላሚቱ ትተርፍልሽ ይሆን?" አሉኝ። እንጨቱን ከበር ውጭ አስቀመጥኩት።

ዓርብ 12፤ ከቀኑ 10 ሰዓት
ወለላ አመነዠከች! ሸጋዬ። ወተቷ ግን ነጥፏል።
ከግቢዬ ጥግ ጉድጓድ ቆፈርን፣ እኔና የሺ። ጥልቅ ነው፤ ክዳኑ ድንጋይ፣ ላም አፏን የማታገባበት። አከራዩ ባጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ለማስኬ ነው፣ ሳል ይዞኛል አልኩት። ወዲያው ሸሸ! የሺ አፏን በነጠላዋ አፍና ሳቀች። እኔም ትንሽ።
ይቅር አላልኳትም። ወተቴን አስነጥፋብኛለች። ግን ከእንግዲህ ከፈፋው የለቀምኩትን በአጥሩ ላይ መልሼ አልወረውርም።