ከአጥሩ በፊት የሰማሽው ፉጨት

ውድ ጆሮዬ፣

አየር በሌለበት ጠፈር ምን የሚሰማ ነገር አለ? የምንሠራውን ያወቀ ሁሉ ይህን ይጠይቀን ነበር። አንቺ ደግሞ መልስ አታጪም፦ "ሰሚ ይገኝ እንጂ ወሬ የትም አይጠፋም!"

ዛሬም እዚያው ክፍል ነኝ። መስኮቱ አሁንም አልገጥም ብሎ ካርቶን ወትፈንበታል። አንዱን ጆሮ አንቺ፣ ሌላውን እኔ የምንሰካው ማዳመጫም አለ። ፕላኔት የምትዞረው መንኮራኩራችን የላከችውን የመግነጢስ ንዝረት አፍጥነን ወደ ድምፅ ስንቀይረው፣ የፀሐይ ነፋስ እንደ ሩቅ ዝናብ ይንሿሿ ነበር። ነፋሱ፣ ወደሚያግደው የፕላኔቷ መግነጢሳዊ አጥር ሲቃረብ ያ ፉጨት ይመጣል።

"ሰማሽው?" ትዪኛለሽ ክንዴን ቆንጥጠሽ።

"የመሣሪያው ጩኸት ነው" ብዬ ከቅጂው አጣርቼ አወጣዋለሁ።

"አንቺ ወንፊት! ዱቄቱንም ደፋሽው እኮ!" ስም ያወጣሽልኝ ያን ቀን ነው።

አማካሪያችንም ወደ እኔ አደሉ። "ልጆቼ፣ ዕቃ ሲያረጅ ያፏጫል፤ የእኔም ደረት ያፏጫል" ብለው ቀለዱ። ሳቅን። አንቺም ሳቅሽ፤ ሳቅሽ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጥሪ ማዕከል ተቀጠርሽ። "እዚያ ቢያንስ ሰማሁ ስል ያምኑኛል" አልሽኝ በር ላይ። "አትሂጂ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "መልካም ዕድል" ብዬ ሸኘሁሽ።

አሁን ጉዱን ስሚ። ከመጀመሪያዋ ፈንጠር ብላ የምትበር ሌላ መንኮራኩር የቀዳችው ደረሰን። ሳላጣራ ከፈትኩት። ያው ፉጨት! ሁለት መሣሪያ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሕመም አይታመምም። ለካ ሞገድ ነው፤ አጥሩን መትተው የተመለሱ ቅንጣቶች ገና የሚመጣውን ነፋስ ሲንጡት የሚነሣ ሞገድ። ነፋሱ ሳይደርስ፣ ደርሰው ከተመለሱት ወሬውን ይሰማል ማለት ነው። አማካሪያችንም ማዳመጫውን ሰክተው ሰሙት። አውልቀውም "ያቺ ልጅ የት ናት?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መሥሪያ ቤትሽ ደጋግሜ ደወልኩ። ሁሌ ሌላ ሰው ያነሣና "ምን ልርዳዎት?" ሲለኝ እዘጋለሁ። የእኔ አቤቱታ ለእነሱ አይነገር!

የምርምር ጽሑፉን ጀምሬዋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልጨርሰውም። ፉጨቱን የሰማሽው አንቺ ነሽ። "አሁን ምን ሊረባኝ" ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ግን ገና ያላዳመጥነው ስንት አለ መሰለሽ! እንቅልፍ እንኳ አልወስድ ብሎኛል።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። ወንበርሽ ላይ የቆለልኩትን ኮተት አንሥቻለሁ፤ በዕረፍት ቀንሽ ብቅ በይና የግራውን ጆሮ ያዢልኝ። ያን ቀን በር ላይ የዋጥኩት ቃል ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ ሌላውን ልበልሽ፦ ነይ።

ትመጪያለሽ? እምቢ ቢሆንም ጻፊልኝ፤ እንዳለ አነበዋለሁ፣ ምንም አላጣራም።

ወንፊትሽ