በሁለት እጅ የተሰጠ አየር

ግንቦት 6
ዛሬም ከቢሮ አምሽተን ወጣን። አለቃ ታክ ኮቱን ሳያነሳ ማን ይንቀሳቀሳል? እሱ ውሃ መጥለቅ ከጀመረ ወዲህ እኛም መጥለቅ “እንወዳለን”። ምክትሉ ፕዮ ጀልባ ገና ከሩቅ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል፤ እሱም ይወዳል። ታናሿ እኔ ስለሆንኩ የአለቃ የውሃ ውስጥ ጓደኛ ተደረግኩ። ጓደኛ... ዕቃ ተሸካሚ ማለታቸው ነው። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የሚያድሰው እሱ ነው። ስለዚህ እወዳለሁ።

ግንቦት 9
የመዋኛ ገንዳ። አሰልጣኛችን እትዬ ኦክቡን የጄጁ ደሴት ሰው ናቸው፤ ማንንም አይፈሩም። “ጓደኛሽ አየር ሲያልቅበት በአንድ እጅ ጃኬቱን ጨምድደሽ ትይዢዋለሽ፣ በሌላው ቢጫውን መጠባበቂያ መተንፈሻ ትሰጪዋለሽ” አሉኝ። ቀላል አይደል?

አለቃ አየር ያለቀበት ሆኖ መጣ። እኔ ሆዬ ቢጫውን በሁለት እጄ አቀረብኩለት፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። በልጅነቴ ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ ሰጥቼ የእናቴን ኩርኩም ቀምሻለሁ፤ እጄ አልረሳውም። አለቃም አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ አጸፋውን መለሰ... ሳይቀበለኝ ተንሳፎ ሄደ።

“ገደልሽው” አሉ እትዬ። “ግን በክብር ነው የሞተው።”

አለቃ ደስ ብሎታል። “ልጅቷ ሥርዓት አላት። ደግሞስ ደረቴን ጨምድዳ፣ ትርፉን መተንፈሻ ነው የምትሰጠኝ?”

ግንቦት 16
ባሕር። ውሃ ውስጥ አለቃ “ስንት አየር ቀራችሁ?” እያለ በጣት ይጠይቃል። እሱ አየር እንደ ሶጁ አረቄ ነው የሚጨልጠው። ፕዮ ግን ሁልጊዜ ከሱ አሳንሶ ያሳያል፤ እኛም እንከተላለን። ከአለቃ በፊት ከቢሮ አይወጣም፤ ከአለቃ በኋላ አየር አይጨረስም።

“ሳንባዬ የዓሣ ነው” አለ አለቃ እራት ላይ። ዓሣ ሳንባ የለውም... ማንም አላረመውም። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

አሁንማ የአየር መለኪያውን ማየት ትቷል። “ቀድማችሁ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ” ይላል። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን በኛ ትሕትና ይሞታል፣ እያልኩ ሶጁ ቀዳሁለት። በሁለት እጅ።

ግንቦት 23
ጄጁ።

እትዬ ከነፕዮ ጋር ከፊት፣ እኔና አለቃ ከኋላ። ራሱን ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር። ዞር ስል ከአፉ አረፋ አይወጣም። ምልክት እንኳ አላሳየኝም... አለቃ “አየር አለቀብኝ” ይላል እንዴ? ዓይኑ ብቻ ፈጧል።

እጆቼ ወደ ቢጫው ሄዱ። ሁለቱም። አቀረብኩለት። እጁን ዘረጋ፣ ሳተው፣ ውሃው እሱን ገፍቶ ወሰደው። ያኔ ነው የፈራሁት። ደርሼ በግራ እጄ ጃኬቱን ጨመደድኩት፣ በቀኜ ቢጫውን አፉ ውስጥ ወተፍኩት። ወደ ላይ ሊፈተለክ ሲል ጎትቼ አስቀረሁት። “አርፈህ ተንፍስ፣ አንተ ሰውዬ!” በሆዴ ነው ያልኩት፤ አንቱታው ግን የለም። ከኔ ሲሊንደር አብረን እየተነፈስን፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ ቀስ ብለን ወጣን።

ጀልባው ላይ ነፍሱ መለስ ስትል ምን ቢል ጥሩ ነው? “ድንገተኛ ልምምድ ነበር። ልፈትናት ብዬ ነው።”

“ድንቅ ነው አለቃ” አለ ፕዮ። ሌሎቹም አጨበጨቡ።

“አይደል?” አለኝ ወደኔ ዞሮ።

ኮንትራቴ... “አይደለም” አልኩ። “አየር አልቆብዎት ነበር። ሁልጊዜም ቀድመው የሚጨርሱት እርስዎ ነዎት። እኛ ነን የምንዋሽዎት።”

እትዬ ብቻ ሳቁ።

ግንቦት 26
ምሳ ብቻዬን በላሁ። ፕዮ በአጠገቤ ሲያልፍ ሳል ያዘው።

ግንቦት 29
አለቃ ጠራኝ። ጠረጴዛዬን ጠራርጌ ነው የገባሁት።

ከወንበሩ ተነሳ። በግራ እጁ የኮቴን ደረት ጨምድዶ ያዘ፣ በቀኙ ወረቀት ሰጠኝ። “እንዲህ ነው አይደል?” አለ፣ ፊቴን ሳያይ። “ቅዳሜ ገንዳ አለ። መለኪያችሁን በዓይኔ ነው የማየው፤ ለፕዮ ንገሪው።”

ኮንትራቴ ታድሷል። ለአንድ ዓመት ብቻ። የነፍሱ ዋጋ ይህን ያህል ነው መሰለኝ።

በአንድ እጄ ተቀበልኩት። ሌላው እጄ የሱን ኮት ጨምድዶ ይዞ ነበር... መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። እናቴ እንዳትሰማ።